አባዬ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር

ዝም በይ ከምባል ውሃ ሳልቀምስ ብውል ይሻለኛል። ይህን ቤተሰቡም ደንበኛውም ያውቃል። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት፣ የቆዳ ሐኪሟ ክፍል በር ላይ አባዬ ክንዴን ጨብጦ "እዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ትተነፍሺና" ሲለኝ የምሩን እንደሆነ ገባኝ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እማዬ ከኋላችን ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ የእብድ ቤተሰብ ትሉናላችሁ። ብትሉንም ብዙ አልከራከርም።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ ይሰፋል፣ እማዬ ቁልፍ ትተክላለች፣ ገበር ትጠቅማለች። ሱቃችን ከመጥበቧ የተነሳ "ሦስታችን አንድ ላይ ከተነፈስን መስታወቱ ላብ ያወጣል" እያለ አባዬ ደንበኛ ያስቃል። የግራ ዓይኑ ጠፍቷል። የዓይን ግፊት ነው የበላው፤ ያውም ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ። አባዬ "ቢላ ባይነካው ኖሮ ዛሬም ያይ ነበር" ይላል። ሐኪሞቹ ደግሞ ቢላ ባይነካውም መጥፋቱ አይቀርም ነበር ይላሉ። ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም። እኔ የማውቀው የቀረችው አንዲት የቀኝ ዓይን መሆኗን ነው። በእሷ ነው ክር በመርፌ የሚያሾልከው፣ በእሷ ነው እኛን የሚያየው። ጠዋትና ማታ ጠብታ ካልገባባት ግፊቱ ይነሳል፣ ግፊቱ ከተነሳ እሷም ትሄዳለች።

ታዲያ ይህ ጠብታ ራሱ ጠላት ሆኖ መጣ። በጨመረ ቁጥር የዓይኑ ቆብ ያብጣል፣ ይቀላል፣ እንደ ድንች ይላጣል። ሌላ ዓይነት ታዘዘለት፤ ያም ያው ሆነ። አባዬ ለማንም ሳይናገር አቆመው። ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል፣ ቆይቶ ይወጣል፣ እኛም ጨመረ እንላለን። የዓይን ሐኪሙ ግፊቱን ለክቶ "ጠብታውን እየጨመሩ ነው?" ሲለው ዓይኑን በጨው ታጥቦ "በደንብ አድርጌ" አለ። ደሜ ፈላ።

"ውሸቱን ነው ዶክተር" አልኩ። "ጠርሙሱን ትናንት አይቼዋለሁ፤ ከወር በፊት እንደነበረው ሙሉ ነው።"

ሐኪሙ አልተቆጣም። ወንበሩን ወደ አባዬ አስጠጋና ቀስ ብሎ አስረዳው። ጠብታው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ መድኃኒቱ ነው። ሌላው ጠርሙሱ ተከፍቶ ሲቆይ ጀርም እንዳያበቅል የሚጨመርበት ማቆያ ነው፤ ጀርም ገዳይ ነገር ነው፣ ከአንዳንድ ሰው ቆዳ ጋር አይስማማም። "የሚያቃጥልዎት ማቆያው ከሆነ ቀላል ነው" አለ። "መድኃኒቱ ያለ ማቆያ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ በምትሆን ትንሽ ቱቦ ይመጣል። መድኃኒቱ ራሱ ከሆነ ግን ሌላ የምሰጥዎት ጠብታ የለኝም። ያለን ምርጫ ቀዶ ጥገና ነው።"

አባዬ ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ ጠይቁት፣ አያውቀውም።

የቱ እንደሆነ የሚለየው የቆዳ ምርመራ ነው ተባለና ወደ ቆዳ ሐኪሟ ተላክን። እስከዚያ ግፊቱን የሚያስታግስ ክኒን ተሰጠው፤ ክኒኑ ግን ለጥቂት ቀን እንጂ ከዚያ በላይ እንደማይሆን ሐኪሙ ደጋግሞ ነገረን።

ምርመራው እንዲህ ነው። ነርሱ አባዬን ሸሚዙን አስወልቆ ጀርባው ላይ አንድ ሰፊ ነጭ ፕላስተር ለጠፈ። ከፕላስተሩ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክሉ ክቦች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ በየክቡ ውስጥ ጠብታዎቹ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንድ አንዱ ትንሽ ትንሽ ተቀብቷል። ያልተስማማው ነገር ያለበት ክብ ሥር ቆዳው ይቀላል። ነርሱ በፕላስተሩ ዙሪያ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ።

"ውሃ እንዳያስነኩት። ላብ አይወድም። ቢያሳክክዎትም እንዳይነኩት" አለ።

"የትኛው ክብ ውስጥ ምን አለ?" አልኩት እኔ።

"እሱን አንነግርም። ሰው ካወቀ እዚያው የፈራው ቦታ ላይ ነው የሚያሳክከው።"

አባዬ ግድግዳውን እያየ "ካሳከከስ ምን ማለት ነው?" አለ።

"ካሳከከማ አንዱ አልተስማማዎትም ማለት ነው" አለ ነርሱ ጓንቱን እያወለቀ። አባዬ ከዚያ በኋላ ቤት እስክንደርስ አፉን አልከፈተም። እኔ ሞኟ ፕላስተሩ ቀፎት ነው ብዬ ነበር።

እቤት ተኛ ብንለው እሱ እቴ። አንድ ሙሽራ ሱፉን እየጠበቀ ነው፣ ሙሽራ ባዶውን አይሄድም ብሎ በማግስቱ ሱቅ መጣ። እኔ ገበር ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ መጋረጃው ተዘግቷል። በቀን መጋረጃ የምንዘጋው ደንበኛ ልብስ ሲለካ ብቻ ስለሆነ ጉሮሮዬን ጠርጌ ገባሁ።

አባዬ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ ሁለት እጁን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ጎንበስ ብሏል። እማዬ በአንድ እጇ ማስመሪያ፣ በሌላው ሰማያዊ ጠመኔ ይዛ ጀርባው ላይ መስመር ታሰምራለች። ኮት የምትቆርጥ ነው የምትመስለው።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"መጋረጃውን ዝጊው" አለ አባዬ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው አልኩ።"

"ወልቆ ነው። የካውያው እንፋሎት አላቀቀውና ሸሚዜን ሳወልቅ አብሮ ወደቀ። እናትሽ መልሳ ለጠፈችው። አለቀ።"

"የነርሱ መስመርስ?"

"በላብ ጠፍቶ ነበር። ይኸው እየተሰመረ ነዋ። ከእሱ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው።"

እውነቱን ነው፣ ቀጥ ያለ ነበር። እኔ ግን ፕላስተሩን ጠጋ ብዬ አየሁት። "እማዬ" አልኩ፣ "የትኛው ጫፍ ነበር ወደ ላይ የነበረው? እንደነበረ ነው የለጠፍሽው ወይስ ተገልብጧል?"

እማዬ ጠመኔዋን አየች፣ አባዬን አየች። "እኔማ ጠይቄው ነበር። የቱ ነው ላዩ ብዬዋለሁ። ጨርቁ አቅጣጫ የለውም አለኝ።"

የእኛን ሙያ ለማያውቅ ይህን ማስረዳት አለብኝ። ከፋይ ስትቆርጡ ላይና ታች አለው። ወደ ታች ሲያሹት ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲያሹት ይሻክራል፤ አንዱን እጅጌ ገልብጣችሁ ከቆረጣችሁ ኮቱ ሁለት መልክ ያወጣል። ተራ ነጭ ጥጥ ግን አቅጣጫ የለውም፣ እንዳሻችሁ አዙራችሁ ትቆርጣላችሁ። አባዬ ፕላስተሩን ተቀብሎ እንደ ልማዱ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ጸጉር የለው፣ መስመር የለው፣ አቅጣጫ የለውም ብሎ ፈረደ። ከሥሩ ስላሉት ክቦች ማንም አላሰበም። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሊሠራ የሚችል ቤት ቢፈለግ የእኛው ነው።

"አሁኑኑ ነው የምደውለው" አልኩ።

"ለማን?"

"ለሐኪሟ ነዋ። ለማን ልደውል፣ ለሙሽራው?"

አባዬ ቀና አለ። "ብትደውዪ ምን ይላሉ? እንደገና ይለጠፍ ይላሉ። ክኒኑ ሊያልቅ ነው። ዓይኔ ቆሞ ይጠብቃል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምንም አልሆነም። ምንም አልተሰማኝም። ዝም በሉና ይለፍ።"

"ምንም? ሲለጠፍም፣ ከዚያም በኋላ፣ ትንሽም አላሳከከህ?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው ምንም አላሳከከኝም።"

እማዬ ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "ሌላ መሐላ ጠፋህ? አሁን በዓይን ይማላል?"

እሱ ሸሚዙን አንስቶ ለበሰ። አልደወልኩም። ለምን እንዳልደወልኩ ብትጠይቁኝ ክኒኑን ፈርቼ ነው እላችኋለሁ፤ ብልቃጡ ውስጥ የቀረውን እኔም አይቼዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እማዬ እህል አልወርድ አላት። መርፌ ይዛ ትቀመጣለች፣ ክር አታስገባም። አንዴ ዕቃ ስናጥብ እጆቿን ከውሃው አውጥታ አገላብጣ አየቻቸው። "ገልብጬው ከሆነ እነዚህ ናቸው ያሳወሩት" አለች። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷታል። ወደ ውስጥ ተመለሰ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው የሐኪሟ በር ላይ የቆምነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እርጋታዋ ግን የትልቅ ሰው ነው። አባዬን ጀርባውን ሰጥቶ በርጩማ ላይ እንዲቀመጥ አደረገችው። መስመሩን ስታይ ፈገግ አለች። ጠመኔውን አጥፍተን በእስክሪብቶ ደግመነው ነበር፣ በማስመሪያ።

"ነርሳችን እንዲህ አሳምሮ ያሰምራል እንዴ? ዛሬ ላመሰግነው ነው።"

እማዬ አሳላት። እኔ ምላሴን ነከስኩ፣ ይህ አነጋገር አይደለም፣ በጥርሴ ነው የነከስኩት።

ፕላስተሩን ቀስ ብላ ላጠችው። ቆዳው እስኪያርፍ ትንሽ እንጠብቅ አለች። እየጠበቅን ከውጭ የጋሪ ጎማ ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ መብራት አቅርባ አየች፣ በጣቷ ዳሰሰች፣ ከወረቀቷ ጋር አስተያየች፣ እንደገና አየች።

"ሁለት ቦታ ቀልቷል" አለች። "እኩል ነው የቀላው። አንዱ ማቆያው ነው። አንዱ መድኃኒቱ ነው።" ወደ ፊት ለፊቱ ዞራ ተቀመጠች። "አባቴ፣ ይህን ልነግርዎት ባልወድም፣ ሁለቱም አልተስማሙዎትም። ማቆያ የሌለው ጠብታም አይሆንዎትም ማለት ነው። ለዓይን ሐኪምዎ ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ።"

"ይቆረጣል ማለት ነው" አለ አባዬ።

"ቀዶ ጥገና ማለትዎ ከሆነ፣ አዎ፣ ወደዚያ ነው የሚሄዱት።"

"እሺ።" እጁን ለሸሚዙ ዘረጋ።

እሺ። እንዲህ አለ፣ ሱፉን ነገ አድርሱልኝ እንደተባለ ሰው። ከቀኝ ብብቱ ሥር ላብ ሲወርድ አየሁት። አላስቻለኝም።

"ዶክተር፣ ወልቆ ነበር" አልኩ።

"አንቺ ልጅ" አለ አባዬ።

"ወልቆ ነበር፣ በማግስቱ። መልሰን ለጥፈነዋል። መስመሩም የነርሱ አይደለም፣ የእኛ ነው።"

"ዝም በይ ብዬሻለሁ።"

"አልልም። ዓይንህን ቆርጠው ሲያበላሹት ነው ዝም የምልልህ?" ድምፄ ተሰበረ፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። "ተገልብጦ ሊሆን ይችላል ዶክተር። አቅጣጫ የለውም ብለው ነው የለጠፉት።"

ሐኪሟ ወረቀቷን አነሳች። አልጮኸችም፣ እኔ ብሆን እጮህ ነበር። ሁለቱን ቀይ ቦታዎች አየች፣ ወረቀቱን ገልብጣ አየች፣ መልሳ አቃናችው።

"አሃ" አለች። "ፕላስተሩ ሲገለበጥ ማቆያውና መድኃኒቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ክብ ነው ሁለት ቦታ የዋለው። መጀመሪያ አንደኛው ቦታ፣ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላኛው። ሁለቱም ሳይሆኑ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።"

"የቱ?" አልኳት።

"ያ ነው ችግሩ። መድኃኒቱ ቢሆንም ማቆያው ቢሆንም አሁን የሚታየው ይኸው ነው።"

"ታዲያ እንደገና ለጥፊው።"

"ጀርባው ተቆጥቷል። በተቆጣ ቆዳ ላይ ብለጥፍ የሚስማማውንም የማይስማማውንም ያቀላል። እስኪበርድ ሳምንታት ያስፈልጋል።"

ክኒኑ ሳምንታት እንደማይቆይ ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ግድግዳው ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሐኪሟ ወደ አባዬ ጎንበስ አለች። "አንድ ነገር ሊረዳኝ ይችላል። ፕላስተሩ ከመውደቁ በፊት፣ ገና ነርሱ እንደለጠፈው እያለ፣ አሳክኮዎት ነበር? የት ጋ?"

"አላሳከከኝም።"

"ትንሽም? ሞቅ ማለት? መቆጥቆጥ?"

"ምንም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ነገርኩሽ እኮ ልጄ። ምንም አልተሰማኝም።"

"እንዲህ ከሆነ የምለይበት ነገር የለኝም" አለች ሐኪሟ፣ ቀና እያለች። "እንዳየሁት አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ፕላስተሩ እንደወለቀም እጨምራለሁ። ሐኪሙ ይወስን።" ብዕሯን አወጣች።

ያኔ ነው እማዬ ማልቀስ የጀመረችው። ድምፅ የላትም ስታለቅስ፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። "እኔ ነኝ" አለች። "አስተውዬ ብለጥፈው ኖሮ። ላዩን ምልክት ባደርግበት። ለሰው ሱሪ ምልክት አደርጋለሁ፣ ለእሱ ዓይን አቃተኝ። በእጄ ነው ያጠፋሁት፣ በዚህ በእጄ።"

"እናቷ" አለ አባዬ።

"ተወኝ።"

"እናቷ፣ ተይ አታልቅሺ።"

"ተወኝ ብዬሃለሁ። አንተ አምነህ ሰጠኸኝ፣ እኔ አሳወርኩህ።"

አባዬ በርጩማው ላይ እንዳለ መሬት መሬቱን አየ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሲናገር ለሐኪሟ ይሁን ለእማዬ አልለየሁም።

"ቀኝ ነበር" አለ። "ከላይ። ከትከሻዬ አጥንት በታች።"

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። "ምኑ?"

"ያሳከከኝ። ሌላው ሁሉ ደህና ነበር። እሱ ግን እሳት ሆነብኝ። ሌሊቱን ጥርሴን ነክሼ አደርኩ። ጠዋት ሱቅ ስገባ አልቻልኩም፣ የቁምሳጥኑ ጠርዝ ላይ ታከክሁ። እንደ አህያ። እንፋሎት አይደለም ያላቀቀው፣ እኔው ነኝ ፍቄ ያወለቅሁት። እሷ ምንም አላደረገችም። ለጥፊ አልኳት፣ ለጠፈች።"

"ለምን ደበቁኝ?"

"ካሳከከ አልተስማማም ማለት ነው አላችሁ። አልተስማማም ማለት ደግሞ ቢላ ነው።" ወደ ወረቀቷ ጠቆመ። "ይኸው ነገርኩሽ። እሷ አላጠፋችም ብለሽ ጻፊ። መቼ ነው የምትቆርጡኝ?"

ሐኪሟ ወረቀቱን አንስታ አየች። ከአንድ ጊዜ በላይ አየች። ከዚያ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ማንም አይቆርጥዎትም" አለች። "ነርሱ ሲለጥፈው ቀኝ ከላይ የነበረው ማቆያው ነው። መድኃኒቱ ግራ ከታች ነበር፣ እዚያ ደግሞ አላሳከከዎትም። የሚያቃጥልዎት ማቆያው ነው አባቴ። ጀርባዎ ሲበርድ ደግሜ አረጋግጣለሁ። ለሐኪምዎ ግን አሁኑኑ እደውላለሁ፣ በትንሿ ቱቦ የሚመጣውን ዛሬ ማታ ይጀምሩ።"

አባዬ አልገባውም። እንደገና አስነገራት። ሦስተኛ ሊያስነግራት ሲል እኔ ጮህኩበት። "አባዬ፣ ዓይንህ ተረፈች ነው የምትለው። ያኔውኑ ብትናገር ኖሮ ያኔውኑ ተርፋ ነበር።"

እማዬ ማልቀሷን አቁማለች። መሐረቧን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ቦርሳዋን ዘጋች። ተነሳችና ፊቱ ቆመች።

"ጠይቄህ ነበር" አለችው። "ያን ዕለት ምን ያሳክክሃል ብዬ ጠይቄህ ነበር። ቁንጫ ነው አልከኝ።"

"ብዬሻለሁ።"

"ከዚያም በእጄ ያሳወርኩህ መስሎኝ ስቃጠል ታየኝ ነበር። ዕቃ ሳጥብ በሩ ላይ ቆመህ ሰምተኸኛል።"

"ሰምቼሻለሁ።"

"እያወቅክ?"

አባዬ ቀና ብሎ በአንዲቷ ዓይኑ አያት። "እያወቅኩ" አለ። "ፈርቼ ነበር።"

እማዬ ሸሚዙን ከመስቀያው አንስታ ጭኑ ላይ ጣለችለትና በሩን ከፍታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ጫማዋ ሲርቅ ይሰማል። አባዬ ወደ እኔ ዞረ። "ሂጂ ተከተያት" አለኝ።

"አንተ ሂድ" አልኩት። "እኔ አይደለሁም የዋሸኋት።"

ሐኪሟ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች "የጠብታውን ማዘዣ ሳይወስዱ" ብትልም የሚሰማት አልነበረም። የሰውን ማንነት በሸሚዙ ስፌት ብቻ አውቃለሁ የሚለው አባዬ፣ የራሱን ሸሚዝ በግልባጩ ለብሶ፣ አንድ ቁልፍ እንኳ ሳይቆልፍ፣ በሕመምተኞቹ መሃል እየሮጠ ተከተላት።